ጋሼ እና የሮጠችው አሬታ

በሸክላ ሰብሳቢዎች ቋንቋ «ጥሩ» ማለት መጥፎ ማለት ነው። ቀልድ አይደለም። አንድ የሸክላ ነጋዴ በኢንተርኔት ለሽያጭ ባቀረበው የኦቲስ ሬዲንግ ሸክላ ሥር «ጥሩ» ብሎ ከጻፈ፣ ሸክላው ተቧጭሯል፣ መርፌ ሲነካው እንደ ሽሮ ይንተከተካል፣ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ይዞራል ማለቱ ነው። ከ«ጥሩ» በላይ «በጣም ጥሩ» አለ፤ እሱም ቢሆን ሰብሳቢውን እምብዛም አያስደስተውም። ቀጥሎ «በጣም ጥሩ ሲደመር» ይመጣል። ከዚያ «ለአዲስ የቀረበ»። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው «አዲስ» የሚባለው ነው፤ ይሄንን ቃል የሚደፍር ነጋዴ ግን ጥቂት ነው። ማንም ያልነካው ሸክላ መሆኑን ለማረጋገጥ መንካት ያስፈልጋላ!

የእኛ አገር ሰው ይሄ መሰላል ብዙም አይገርመውም። «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያለ ሁሉ ደህና እንዳልሆነ እናውቃለን። «ደህና» ከሚለው ቃል በታች ስንት ዓይነት ሕመም እንዳለ ለማወቅ ድምፁን ማዳመጥ ነው። ሸክላም እንደዚያው ነው።

እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም። ሰብሳቢ ለመሆን ገንዘብ፣ ደረቅ ክፍልና ታጋሽ ሚስት ያስፈልጋሉ። ከሦስቱ ያለኝ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለቤቴ ሰላም ስል አልናገርም። እኔ ተመልካች ነኝ። ለመግዛት ካርድ ይጠየቃል፤ ለማየት ግን ማንም ምንም አይጠይቅም። ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ኮምፒዩተሬን እከፍትና ከሃምሳና ከስድሳ ዓመት በፊት ሜምፊስና ዲትሮይት ውስጥ የተቀዱ ዘፈኖች የታተሙባቸውን ትናንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አያለሁ። ሸክላውን እንኳ አይደለም፤ መሃሉ ላይ የተለጠፈችውን ክብ ወረቀት ነው። ሰማያዊዋ የስታክስ፣ ቀይና ጥቁሯ የአትላንቲክ። በዚህ ዕድሜዬ ወረቀት እያየሁ የማመሽ ሰው መሆኔን የሥራ ባልደረቦቼ አያውቁም።

ዲስኮግስ የሚባለውን ትልቁን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ኬቨን ሌዋንዶውስኪ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። መጀመሪያ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ብቻ ነበር የሚመዘገብበት፤ የእኛ የአሮጌዎቹ ሶል ተራ የደረሰው በኋላ ነው። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሸክላ፣ የካሴትና የሲዲ ኅትመቶች ተመዝግበውበታል። የመዘገባቸውም እንደ እኔው እንቅልፍ አጥቶ የሚያመሽ ሕዝብ ነው። ትናንሾቹን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ብቻ የሚመዘግብ ሌላ አለ፤ የጥንት የጨረታ ዋጋዎችን ብቻ የሚያጠራቅምም አለ። ማን ምን ያህል ከፍሎ እንደገዛ እስከ ሳንቲሙ ይነግራችኋል። ይሄ የመጨረሻው ለጤና ጥሩ አይደለም።

ከእነዚህ መዝገቦች የተማርኩት ትልቁ ነገር ሸክላን ማንበብ ነው። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ መርፌው ባዶውን የሚንሸራተትበት፣ ወደ መሃል የተጠጋ ለስላሳ ቦታ አለ። ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ለሚያይ ሰው እዚያ ላይ በእጅ የተጫሩ ቁጥሮች ይታዩታል። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና ከጎኗ ቁጥር አለች። ያቺ ሦስት ማዕዘን ሎስ አንጀለስ የነበረው የሞናርክ ማተሚያ ምልክት ናት፤ ቁጥሯ በተራ ስለሚሄድ ሸክላው መቼ እንደታተመ በግምት ያሳውቃል። አትላንቲክ ደግሞ በዚያ ዘመን ወረቀቱ ላይ ከዘፈኑ ቁጥር ጎን ሁለት ፊደል ያስቀምጥ ነበር። «ኤም ኦ» ካለ ከዚያው ከሞናርክ ነው፤ «ፒ ኤል» ካለ ሜምፊስ ከነበረው ከፕላስቲክ ፕሮዳክትስ። አንድ ዘፈን፣ አንድ ድምፅ፣ ሁለት ፋብሪካ። ሰብሳቢው የትኛው ፋብሪካ የተሻለ እንደሚያሰማ ሲከራከር ያድራል። የቅኔ ቤት ክርክር የሚያውቅ ሰው ይሄንን ቢሰማ የት እንዳለ አይጠፋውም።

ይሄንን እብደት ወደ ሃይማኖት ያሳደጉት ግን አሜሪካኖቹ ሳይሆኑ እንግሊዞች ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዲትሮይት ውስጥ ቤሪ ጎርዲ የሚባል ሰው ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ በ1959 የጀመረው ሞታውን ዓለምን ሲያንቀጠቅጥ፣ እሱን አይተው ዕድላቸውን የሞከሩ እልፍ ትናንሽ ሸክላ አሳታሚዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ከሰሩ። ሸክላቸው መጋዘን ውስጥ ቀረ። ታዲያ በሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወጣቶች ማንም ያልገዛቸውን እነዚህን ሸክላዎች እየፈለጉ በእነሱ ሲጨፍሩ ያነጉ ጀመር። ዴቭ ጎዲን የሚባል ጸሐፊ «ኖርዘርን ሶል» የሚል ስም አወጣለት። ዋናው ደብራቸው ከ1973 እስከ 1981 የቆየው ዊጋን ካዚኖ ነበር። አልኮል አይሸጥበትም። ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ሥር የዋለ ወጣት ቅዳሜ ሌሊቱን ያለ ቢራ ሲጨፍር አድሮ እሑድ ጠዋት ወደ ቤቱ ይገባል።

እዚያ ቤት ሸክላ አጫዋቹ ክብሩ ሌላው የሌለው ዘፈን ስላለው ነው። ስለዚህ ምን ያደርጋል? የሸክላውን መሃል በሌላ ወረቀት ይሸፍነዋል። ለዘፋኙም የሐሰት ስም ያወጣለታል። ተፎካካሪው ተጠግቶ ቢያይ የተጻፈው ሌላ ነው። የእኛ መድኃኒት አዋቂዎች ቅጠሉን ቀጥቅጠው፣ ከሌላ ቅጠል ቀላቅለው የሚሰጡት ለምን ሆነና! ቅጠሉን ከነቅርጹ ያየ ሰው ነገ ራሱ ይቆርጠዋላ።

የዚህ ምሥጢረኛ ዓለም ታቦቱ የፍራንክ ዊልሰን ሸክላ ነው። በ1965 ሞታውን ለሙከራ ጥቂት ካሳተመው በኋላ ለገበያ ሳይወጣ ቀረ። የተረፈው በጣት የሚቆጠር ነው። በ2009 አንዱ ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ዊልሰን ራሱ ዘፈኑን ትቶ ለሌሎች የሞታውን ዘፋኞች ዜማ ሲያዘጋጅ ኖረና በኋላ ወደ ሃይማኖት አገልግሎት ገባ፤ በ2012 አረፈ። የማያውቃቸው እንግሊዞች በአንድ ሸክላው እንዲህ ሲያብዱ ማየቱ ምን ተሰምቶት ይሆን? ዛሬ ያንን ዘፈን ቀበና ቁጭ ብዬ በነፃ እሰማዋለሁ። ተሸፋፍነው የነበሩትም ወረቀቶች ሁሉ ተገልጠው፣ ቁጥራቸውና ፋብሪካቸው ተጽፎ፣ ለማንም ክፍት ሆነዋል። ምሥጢር ቀረ።

ሁሉም ነገር ተጽፏል ብዬ አምኜ ነበር መሰለኝ፣ የጋሼ ነገር እስኪመጣ።

አጎቴን ጋሼ ነው የምላቸው። ዘንድሮ 83 ዓመታቸው ነው። ከ1958 እስከ 1965 ዓ.ም. አሥመራ፣ ቃኘው ስቴሽን፣ አሜሪካኖቹ ዘንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ቃኘው የወታደር ሬዲዮ ጣቢያ ብቻ አልነበረም። አሜሪካኖቹ ከነሱቃቸው፣ ከነሲኒማቸው፣ ከነሸክላቸው ነበር የሰፈሩት። የሬዲዮናቸው ዘፈን አጥር አያውቅም፤ የአሥመራ ልጅ ጄምስ ብራውንን በዚያ ጆሮው ተማረ። አዲስ አበባ ውስጥም የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ልጆች ጥሩምባቸውን በዚያ መንፈስ ይነፉ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን»፣ ብዙነሽ በቀለን ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር እያነጻጸሩ መጥራት የመጣው ከዚሁ ነው። እኔ በበኩሌ ይሄን ማነጻጸር አልወደውም። ብዙነሽ ብዙነሽ ናት።

በ1963 ዓ.ም. አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣ የሚመስለውን ፒክ አፑንና 41 ሸክላዎችን ለጋሼ ሸጠላቸው። ስንት እንደሸጠላቸው ጋሼ እስካሁን አይናገሩም፤ እትዬ የነገሯቸው ሌላ ዋጋ ነበርና። እትዬን ካገቡ ገና ዓመታቸው ነበር። አዲስ አበባ ሲዛወሩ ፒክ አፑ አብሮ መጣ፣ ከመርካቶም ጡብ የሚያክል ትራንስፎርመር ተገዛለት። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አስታውሰዋለሁ። ፋሲካ፣ ከዶሮው በኋላ፣ ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ሻንጣዋን ይከፍታሉ። ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ይጮኻል። ከዚያ አሬታ፣ «ሪስፔክት»። ጋሼና እትዬ ተቃቅፈው፣ ቀስ ብለው፣ ምንጣፉ ላይ እንደሚንሳፈፉ ሆነው ይጨፍራሉ። እኛ ልጆቹ ጠረጴዛ ሥር ሆነን እግራቸውን እናያለን። እትዬ ጫማቸውን ያወልቁ ነበር።

እትዬ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ፒክ አፑም ከሳቸው ብዙም አልቆየ። ሸክላውን የሚያዞረው የጎማ ጎማ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆነ። ጋሼ ሻንጣዋን ዘግተው ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጧት፣ አበቃ።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው ከሜሪላንድ ስትመጣ አዲስ የሸክላ ማጫወቻ ይዛ መጣች። ቆንጆ ነገር ነው። ትራንስፎርመር አይፈልግ፣ አይጮኽ። አባቷን ለማስደሰት ስንት ነገር ተሸክማ እንደመጣች እግዜር ይወቅላት። ሳሎን ተሰብስበን፣ ቡና ተፈልቶ፣ «ሪስፔክት» ተደረገ።

ጋሼ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። «ምንድን ነው እንደዚህ የሚያስሮጣት?»

«ማንን አባዬ?»

«ሴትዮዋን!»

«አሬታ እኮ ናት አባዬ። ያው ያንተው ሸክላ ነው።»

«ሸክላውማ የኔ ነው። ሴትዮዋ ናት እንጂ የተለወጠችው። ልጃገረድ አደረጋችኋት።»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ልጅቷ ማዞሪያውን ወደ 33 አወረደችው። አሬታ ወፍራም፣ ሰነፍ ወንድ ሆነች። «ይሄ ደግሞ ሙሾ ነው» አሉ ጋሼ። «አጥፊው በቃ።» ቡናውን ሁለተኛ ሳይጠጡ ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ።

ልጅቷ ኩሽና ውስጥ አለቀሰች። «ጆሮው ደክሟል» አለችኝ። «ወይ ደግሞ ... እንደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች መርሳት ጀምሮት ይሆን? እዚያ ሆኜ ምን አውቃለሁ? አንተ ነህ ያለኸው።» ሰው አገር የሚኖር ሰው ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ትንሽ ነገር ባየ ቁጥር ትልቁ ይታየዋል። ለሐኪም ልታሳያቸው ቀጠሮ ያዘች። የሄደችው ስለ ሸክላ ለመጠየቅ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ሐኪሙ ጆሯቸውንም አእምሯቸውንም ለዕድሜያቸው ደህና ናቸው አለ። ይሄንን «ደህና» ደግሞ በየትኛው ትርጉሙ እንደምንወስደው ሁለታችንም አላወቅንም።

እኔ ግን ጋሼ የተናገሩበትን እርግጠኛነት ልረሳው አልቻልኩም። የሚረሳ ሰው እንደዚያ አይቆጣም። ቅዳሜ ሄጄ የድሮዋን ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ አወረድኩና ገለበጥኳት። ሆዷ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ብረት አለች፤ «117 ቮልት፣ 60 ሳይክል» ትላለች። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል፤ አንድ የማይነካው ነገር ግን አለ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50 ጊዜ። በዚያ ዘመን ፒክ አፖች የነበረው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚህ መመላለስ ነው። አሜሪካ ውስጥ በደቂቃ 45 ጊዜ እንዲዞር የተሠራ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 37 ተኩል ጊዜ ብቻ ይዞራል። ከስድስት እጅ አንዱ ጠፋ ማለት ነው። የጠፋው ደግሞ ከፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። በፒያኖ ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥሮ ሦስት ቁልፍ ያህል ወደ ታች። ሁለት ደቂቃ ከግማሽ የማይሞላው «ሪስፔክት» ወደ ሦስት ደቂቃ ይጠጋል። በችኮላ የምትጠይቀው ወጣት አሬታ ድምፅዋ ጎርነን ብሎ፣ ጊዜዋን ወስዳ፣ ነገሩን አስባበት የምትናገር እመቤት ትሆናለች።

ስለዚህ ጋሼ ልክ ነበሩ። ከሃምሳ ዓመት ያላነሰ እዚያች ሳሎን ውስጥ ስትዘፍን የኖረችው አሬታ ሌላ ናት።

መዝገቦቹን ከፍቼ ተመለከትኩ። ስለዚያ ሸክላ የማይታወቅ ነገር የለም። የአትላንቲክ ቁጥር 2403። ዘፈኑን የደረሰው ኦቲስ ሬዲንግ፣ ራሱም በ1965 ያወጣው። አሬታ የቀዳችው እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 1967 ኒውዮርክ። ከኋላ የሚያጅቧት እህቶቿ ካሮሊንና ኧርማ፣ መሃል ላይ ሳክስፎኑን የሚነፋው ኪንግ ከርቲስ። በየትኛው ፋብሪካ እንደታተመ፣ የወረቀቱ ቀለም በየፋብሪካው እንዴት እንደሚለያይ፣ ሁሉም አለ። ፍጥነት የሚል ቦታም አለው፤ 45 ይላል። ለ37 ተኩል ሳጥን የለውም። አልቀየምኩም። የቀበናን ነገር ከየት ያምጡት?

ለልጅቱ አስረዳኋት። እፎይ አለች፣ አቀፈችኝ፣ ወዲያው ደግሞ አባቷን ልታሳምን ሄደች። የተማረ ሰው ችግሩ ይሄ ነው።

«አባዬ፣ ትክክለኛው አዲሱ ነው እኮ። አሬታ ራሷ የዘፈነችው በዚህ ፍጥነት ነው።»

«ለእሷ ትክክል ነዋ» አሉ ጋሼ። «እኔ ከእናትሽ ጋር የጨፈርኩት በዚያኛው ነው።»

ከዚህ በኋላ የሸክላዎቹ ዕጣ ምን ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ። እሷ «አቧራ ከሚበላቸው የሚፈልግ ሰው ይግዛቸው፤ ለአባዬ መድኃኒትም ይሆናል» አለች። አንድ ቅዳሜና እሑድ ተቀምጬ 41ዱንም ከመዝገቦቹ ጋር አመሳከርኩ። ውጤቱ አንገት ያስደፋል። አብዛኞቹ በዘመናቸው በብዙ መቶ ሺህ የተሸጡ ናቸው፤ ብዙ የተሸጠ ሸክላ ርካሽ ነው። ሁለት ዶላር፣ ሦስት ዶላር። ያውም ንጹሕ ሲሆን። የጋሼ ሸክላዎች ደግሞ በከባድ መርፌ ሃምሳ ፋሲካ ታርሰዋል። በቸርነት «ጥሩ» ቢባሉ ነው።

ሣጥኑ ሥር ግን ከአሜሪካኖቹ ጋር ያልተቆጠሩ አራት የአገራችን ሸክላዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ አምሃ ሪከርድስ የሚል ወረቀት ያለው ነው። ይሄኛው በጨረታ ከመቶ ዶላር በላይ እንደሚያወጣ አየሁ፤ ደህና ሆኖ ከተገኘ ከዚያም ብዙ ይርቃል።

አምሃ እሸቴን አዲሱ ትውልድ ብዙ አያውቀውም። ሸክላ ማሳተምም ማስመጣትም በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተፈቀደበት ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የግል ሸክላ ቤት የከፈተ ወጣት ነው። በዓለማየሁ እሸቴ ጀመረ። ውጭ አገር እያሳተመ ያመጣቸው ሸክላዎች ወደ መቶ ደርሰዋል፤ ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ የሰዓት እላፊው መጣ፣ እሱም አገር ለቀቀ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ካሴት ሸክላን ጨርሶ ቀበረው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሲዲ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነዚያን ዘፈኖች ለዓለም ባያሰማ ኖሮ ዛሬ ማንም አይፈልጋቸውም ነበር። ካሰማ በኋላ ደግሞ ፈላጊው በዛና ከአገር ወጡ። አምሃ ተመልሶ መጥቶ በ2013 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ አረፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በነሐሴ፣ ዓለማየሁ ተከተለው።

«ይሄ መሸጥ የለበትም» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳይሆን አይቀርም። አገር፣ ቅርስ፣ ትውልድ፣ የማልለውን ሁሉ አልኩ።

ጋሼ ሸክላውን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁና አነበቡት። «ይሄንን እናትሽ አትወደውም ነበር» አሉ ለልጃቸው። «ሽጪው።»

«ጋሼ!»

«አንተ ትፈልገዋለህ? ግዛኝ።»

ከላይ እንደጠቀስኩት ሰብሳቢ ለመሆን የሚያስፈልጉት ነገሮች ሦስት ናቸው። ዝም አልኩ። በሁለቱም ገጽ ያለውን ዘፈን ወደ ኮምፒዩተር ቀዳሁ፤ ወረቀቱን ፎቶ አነሣሁ፤ ከመሃሉ ዳር የተጫረውን ቁጥር በባትሪ ብርሃን አንብቤ ጻፍኩ። ሸክላው በልጅቷ ሻንጣ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ ከበርበሬና ከሽሮ መሃል ሆኖ ሄደ። ሜሪላንድ ውስጥ ጥሩ ገንዘብ አወጣ፤ የጋሼ የዓመት መድኃኒት ተገዛበት። የተገዛው መድኃኒት በሳቸው ደም ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም አልተዋጠልኝም።

ሁለት ዶላር የማታወጣዋ «ሪስፔክት» ግን አልተሸጠችም።

የቀረኝ ሥራ ግልጽ ነበር። የጋሼን የራሳቸውን ሸክላ በአዲሱ ማጫወቻ አዙሬ ወደ ኮምፒዩተር ቀዳሁት፣ ከዚያ ፍጥነቱን ከስድስት አምስት እጅ አደረግኩት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ሞልቷል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጎማውን የሚሠራልኝ ሰው ፍለጋ መርካቶ ከመዞር ይሻላል ብዬ ነው። በፍላሽ ይዤ ሄድኩና ሳሎኑ ውስጥ ከፈትኩላቸው።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጎርናናዋ አሬታ መጣች፤ ሳትቸኩል። የሸክላው መንተክተክም አብሮ አለ። ጣታቸው የሶፋውን እጀታ መምታት ጀመረ። ሳክስፎኑ ገብቶ ወጣ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ትያዝ ነበር» አሉ።

«ምኗ ጋሼ?»

«መርፌዋ። እዚህ ጋ ስትደርስ ትያዝና ያንኑ ቃል ትደጋግማለች። እትዬህ ነበረች ሄዳ በጣቷ ነካ የምታደርጋት። ባዶ እግሯን።»

አዲሱ መርፌ ቀላል ነው፣ ጥራቱም ከፍተኛ ነው፤ ያንን ስንጥቅ ሳይነካው አልፎታል። እቤቴ ተመልሼ ሸክላውን ወደ መብራት አዘንብዬ ስመለከት በእርግጥም እዚያው ቦታ ላይ አቋርጦ የሚሄድ ጭረት አገኘሁ። በኮምፒዩተሩ ያቺን ቃል ቆርጬ ሦስት ጊዜ ደጋገምኳትና ዘፈኑ እንዲቀጥል አድርጌ በሚቀጥለው ቅዳሜ አመጣሁላቸው።

አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ሳይከፍቱ እጃቸውን አነሡ።

«ሦስት አይደለም» አሉ። «ከመቀመጫው እስከ ፒክ አፑ አራት ነው።»

አራት አደረግኩት።